ሦስተኛዋ ቅጠል

ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ ፈቲሀ፣

ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ በሰፍያ በኩል ነው፤ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው እሰጥልሻለሁ ብላኛለች። ሪያድ ውስጥ ሦስት ዓመት አንድ ክፍል የተጋራሻት፣ የጎረቤታችን የቆሼ ከተማዋ ሰፍያ። ኅዳር ላይ ከሳዑዲ ተመላሾቹ ጋር ስትመጣ አጎትሽ ሐጂ ሙሀይሚን ነገሩኝና ሄጄ አገኘኋት። ስለ ጤናሽ ጠየቅኳት፤ ደህና ናት አለችኝ። ቀጥዬ፣ "ቅርጽ መሥራቱንስ እንዴት አደረገችው?" አልኳት።

"የምን ቅርጽ?"

"የብረት ነዋ። ፈቲሀ እኮ ቀራጺ ናት።"

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። "ሌላ ፈቲሀ እንዳይሆን የምትጠይቂው፣ እህቴ። የኛዋ እጇ በበረኪና ተበልቶ ማንኪያ ሲይዝ እንኳ ያማታል።"

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽላትም። ከዚያ ወዲህ ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስቀድ ከረምኩ። ዛሬ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺ የማታውቂው ነገር አለና።

መጀመሪያ ፎቶ ቤታችን የመጣሽው በ1995 ነው፣ አባቴ በሞተ በዓመቱ። አዲሷ የሥዕል መምህርት መሆንሽን ሰምቻለሁ። እንደማንኛውም ደንበኛ፣ "ጉርድ ነው ሙሉ?" አልኩሽ። "እኔን አይደለም፣ የሠራሁትን ነው" አልሽ። የአባቴን ዜኒት ካሜራ ይዤ ተከተልኩሽ። ሐጂ ወፍጮ ቤት ጓሮ ውስጥ ከመኪና ባሌስትራና ከላሜራ የበየድሽው ነገር ቆሟል። ሰው አይደለም፣ እንስሳም አይደለም። የማደርገው ቢጠፋኝ ፊት ለፊት ቆሜ በፍላሽ አነሳሁት። ፎቶውን ሳሳይሽ ከፍ ዝቅ አድርገሽ አየሽውና፣ "ወርቅዬ፣ መታወቂያ ሊያወጣ ነው እንዴ?" አልሽኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀጠርሽኝ። ካሜራውን አስቀምጪና ዙሪው አልሽ። ዞርኩት። "አሁንም ዙሪው።" እየዞርኩ ሳለ ፀሐይ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ በላይ ወጣችና ብርሃኑ በብረቶቹ መካከል ሾልኮ መሬት ላይ ተዘረጋ። "አየሽ? ብረቱን ብቻ አይደለም የሠራሁት፤ ክፍተቱንም ነው።" አባቴ ያስተማረኝ ጥላን ማጥፋት ነበር። በደንበኛ ፊት ላይ ጥላ ካረፈ ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው። ጥላን ፈልጌ የጠበቅኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አብረን ነበርን። እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ አጥባለሁ፣ አንቺ እርጥቦቹን ገመድ ላይ እየሰቀልሽ ትተቺያለሽ። አዲስ አበባ ድረስ ኤግዚቢሽን ልናይ ሄደን ስንመለስ እስከ ቡኢ ተከራክረን፣ ከቡኢ በኋላ ተኳርፈን እንደገባን አልረሳም። አንድ የእንጨት ሐውልት "ያምራል" ብዬ ነው፤ አንቺ ደግሞ "ለምን?" ብለሽ አለቅም አልሽኝ። ከዚያ በፊት ያምራል ስል ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በ1997 ትልቁን ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር አቆምሽው። ሁለት ሰው ተደራርቦ የሚያህል እንሰት፣ ሦስት የብረት ቅጠል። ሁለቱ ወደ ላይ የወጡ፣ ሦስተኛዋ ከኋላቸው ዝቅ ብላ የተጠቀለለች። "እሷ ገና ናት" ነበር ያልሽው። የገበያ ሴቶች ማንም ሳይነግራቸው አወቁት። አንዷ ሸክሟን አውርዳ ቀና ብላ እያየች፣ "ይሄን እንሰት ማን ሊፍቀው ነው?" ስትል እንዴት እንደሳቅሽ። ያን ቀን አንድ ፊልም ጨረስኩበት፤ ሠላሳ ስድስት ፎቶ፣ ከሁሉም ጎን።

በዚያው ዓመት ምርጫው መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ሁለት ጣት ማንሳት የተቃዋሚዎች ምልክት ስለነበር ሰው በእጁ ሰላምታ መስጠት ሳይቀር የፈራበት ጊዜ ነው። ኅዳር 1998 ሁለት ሰዎች ፎቶ ቤት መጡ። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ ሠርጉን አንስቻለሁ።

"የዚያ ብረት ፎቶ አለሽ?"

"አለኝ።"

"እስቲ አምጪው።"

ፈቲሀ፣ ነጥቀው እንደወሰዱብኝ ነው የምታውቂው። አልነጠቁኝም። መሳቢያ አልከፈቱም፣ ጨለማ ክፍልም አልገቡም። ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። እኔ ገብቼ ፎቶዎቹን በሙሉ አገላበጥኩ። በሠላሳ አምስቱ ላይ ሦስተኛዋ ቅጠል ትታያለች። በአንዱ ብቻ፣ በቀጥታ ከፊት ባነሳሁት፣ ሁለቱ ጋርደዋታል። የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። እሱን ካገኙ ቶሎ ይሄዱልኛል ብዬ ያንን መርጬ አወጣሁላቸው።

"ሁለት ጣት ነው አይደል?" አለኝ ሠርጉን ያነሳሁት ሰው።

"ይመስላል" አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ወሰዱሽ። ብረቱን በጋዝ ቆራርጠው አይሱዙ ላይ ጫኑት፤ ከቀትር በፊት አለቀ። ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየሁ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ። ታስረሽ ሳለ ሐጂ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዟት፤ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። "ልጄ፣ ልጅቱ ሦስተኛ ቅጠል አለው ብትል የሚሰማት አጣች፤ ብረቱም የለ። ጠበቃው ከኋላ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ቢገኝ ይበቃል ብሏል። የቀረሽ ነገር የለም?"

ሠላሳ አምስቱም ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ባወጣቸው፣ እነዚህን ለምን ያኔ አላሳየሽንም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

"ሐጂ፣ ሁሉንም ወስደውብኛል።"

"አብሽሪ" አሉኝ። "አንቺ ምን ታደርጊ።"

አምስት ወር ታሰርሽ። ስትፈቺ ሥራሽ የለም። መጀመሪያ የመጣሽው ደግሞ እኔው ጋ ነው፤ አቅፈሽኝ፣ "ወላሂ አልተቀየምኩሽም፣ ጉልበተኛን ምን ታደርጊዋለሽ" አልሽኝ። አለቀስኩ። ለአንቺ ያለቀስኩ መስሎሽ ስታባብይኝ ዋልሽ። ያን ጊዜ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወዲያው ደንበኛ ገባና ተነሳሁ። በሁለተኛው ወር ወደ ሪያድ ሄድሽ።

አሁን ፎቶዎቹን ልልክልሽ አስቤ ነበር። መሳቢያውን ለዓመታት ሳልከፍት ኖሬ ሰፍያን ካገኘሁ በኋላ ከፈትኩት። ጣሪያው አፍስሶ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። በውኃ ዘፍዝፌ ላላቅቃቸው ስሞክር ሥዕሉ ከወረቀቱ እየለቀቀ ጣቴ ላይ ቀረ። ኔጋቲቩንም ሻጋታ በልቶታል። አንድም አልተረፈም። ብረቱ የለም፣ ፎቶው የለም፤ አንቺም እንደ ሰፍያ አነጋገር ነገሩ ነበር ብለሽ አታወሪም። ያየነው ሰዎች ስናልፍ አብሮን ያልፋል። እኔም ዛሬ የማነሳው በዲጂታል ነው፤ ጉርድ ብቻ። ነጭ መጋረጃ ዘርግቼ፣ ጥላውን አጥፍቼ።

ይቅርታሽን ለመለመን አልጻፍኩም። ከዚህ በኋላ ብትጠዪኝ ግን የምትጠዪው ማንን እንደሆነ አውቀሽ ይሁን ብዬ ነው። መልስ አልጠብቅም።

ለሐጂ አልነገርኳቸውም። ብትነግሪያቸው አልከለክልሽም። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ፋሲካ በመጣ ቁጥር፣ "የፈቲሀ ጓደኛ ናት" ብለው በግ ይልኩልኛል። ዘንድሮም ላኩ። ተቀበልኩ።

ደህና ሁኚ።

ወርቅውሃ ገሠሠ