እሑድ እሑድ ስለሚፈጥነው የትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት

ለክብርት ወይዘሮ ሐሊና
የኢንተርኔት ድርጅቱ የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ

ክብርት ሆይ፣

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎም የማይጠፋ መብራት እየተመኘሁ፣ እኔ በኢምባካሲ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ የሆንኩት ዘርኣጽዮን ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን መጽሔት ላይ አወጣለሁ። ድርጅትዎ ለርዕሰ መምህራችን በጻፈው ደብዳቤ የኔትዎርኩ ጥገና መቶ በመቶ እንደተጠናቀቀ፣ የቀረው የአንድ ሽማግሌ ፊርማ ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ሽማግሌው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ድርጅት የሚያስቆም ክንድ እንዳለኝ ስላበሠሩኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

፩ኛ. ባለሙያዎ አቶ ሕዝቅያስ ፍጥነቱን ሊለኩ የመጡት እሑድ ዕለት ነበር። እኔም ከቅዳሴ ወጥቼ ቁልፍ ይዤ ደረስኩላቸው። በባዶው ክፍል አንዲት ኮምፒውተር ከፍተው ለኩና ስልካቸውን ወደ ዓይኔ አስጠግተው፣ ሽማግሌነቴን በስዋሂሊ አክብረው፣ «ምዜ፣ ስፒዱ ፖአ ነው፣ አሪፍ ነው፤ ሳይን ያድርጉልኝና ልሂድ» አሉኝ። በእርግጥም ይበር ነበር። ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ስምንቱም ተማሪዎች በገቡበት ሰዓት መጥተው እንዲለኩ ብለምናቸው ግን፣ «ልጆቹ ሲገቡማ ይጨናነቃል!» ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ የአገልግሎታችሁ ጉድለት ትምህርት ቤታችን ተማሪ የማስገባት ልማድ ያለው መሆኑ ብቻ እንደሆነ ተረድቻለሁ።

፪ኛ. እኔ አስተማሪ አልነበረኝም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት አንብቤ ነው። ከዕቃችሁ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያም በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ በሦስት ሳምንት ጨርሼዋለሁ። ገጽ አሥራ ሰባት ፍተሻው ሁሉም ኮምፒውተሮች እየሠሩ ሳለ እንዲደረግ ያዛል። ገጽ አርባ አንድ ደግሞ ኢንተርኔቱን እንዲያከፋፍል ግድግዳችን ላይ የሰቀላችሁት ዕቃ ከሃያ ኮምፒውተር በላይ እንደማይችል ይናገራል። ይህን ለአቶ ሕዝቅያስ ባሳያቸው፣ «ምዜ፣ እሱንማ ማንም አያነበውም» አሉኝ። በመላው ናይሮቢ ብቸኛው አንባቢ መሆኔ አኩርቶኛል። ለክፍልዎ ካስፈለገ መጽሐፉን በደስታ አውሳለሁ።

፫ኛ. ይህኛው ቀልድ የለውም። የመምህርት ኩለሱም ተማሪዎች የፕሮጀክት ሥራቸውን እስከ ወሩ መጨረሻ በኢንተርኔት ለፈተና ቦርዱ መላክ አለባቸው። ባለፈው ተርም የአሥራ አንዱ ሥራ ሳይደርስ ቀርቶ ዜሮ ተሰጥቷቸዋል። ሰአዳ የምትባለው ልጅ ውሃ ማጣሪያ ሠርታ ነበር፤ ቪዲዮዋ ዘጠና ሰባት በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ቀነ ገደቡ እስኪያልፍ ድረስ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ እጇንም ከማውሱ ላይ አላነሣችም፣ ያነሣች እንደሆነ የሚቋረጥ መስሏት።

ርዕሰ መምህሩ በየጠዋቱ፣ «አባባ ዘርኣጽዮን፣ አንዲት ፊርማ ምን ትጎዳዎታለች?» ይሉኛል። እኔንስ አትጎዳኝም። ነገር ግን እኔ በፈረምኩ ማግስት ጉዳዩ በእናንተ መዝገብ ይዘጋል፣ ሰአዳም ዘጠና ሰባት በመቶ ላይ ትቀራለች።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ በመጪው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እርስዎ ራስዎ መጥተው በሰአዳ ወንበር እንዲቀመጡ፣ ሠላሳ ስምንቱም ልጆች በየኮምፒውተራቸው ላይ እያሉ የአንዷን ሥራ በገዛ እጅዎ እንዲልኩ በትሕትና እጋብዛለሁ። ከደረሰ እዚያው ቆሜ እፈርማለሁ፤ በዚሁ መጽሔት ላይም ሙሉ ገጽ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልደረሰ ግን ወረቀትዎ ሳይፈረም፣ እኔም ሳልለወጥ፣ ሁለተኛ ዕቃ እስኪሰቀል ድረስ እንጠብቅዎታለን።

ለባልደረቦችዎ መሰላል የሚወጣ ጉልበትና የሥራ ቀን የሚያስታውስ ልብ ፈጣሪ እንዲሰጥልዎ ዘወትር የምጸልይ፣ ከወንበሬም ሆነ ከቃሌ የማልነቃነቅ፣

በታላቅ አክብሮት
ዘርኣጽዮን
የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ኢምባካሲ

ማስታወሻ፦ አቶ ሕዝቅያስ ባለፈው ሐሙስ ፊርማዬን ሊጠይቁ ዳግመኛ መጥተው ነበር። እምቢታዬን በኢሜይል ሊያሳውቁዎ ላፕቶፓቸውን ከፍተው በትምህርት ቤቱ መስመር ሃያ ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ፣ ወደ በሩ ወጥተው በራሳቸው ስልክ ላኩት። መልእክቱ በሰላም እንደደረሰዎ አምናለሁ።