ጠበል የሞላበት ባኞ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

በበሩ አልገባም አለ። አግድም ሞከርነው፣ በቁሙ ሞከርነው፣ አልገባም። የአይሱዙው ሾፌር ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ «እዚሁ ግቢ አስቀምጪውና በግ አጠጪበት» ብሎኝ ሄደ። ደንቆሮ! በመጨረሻ ሙሉጌታ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ የመታጠቢያ ክፍሉን የበር መቃን ነቅሎ አስገባልኝ። ይኸው አሁን አራት እግሩን ተክሎ ቆሟል። ነጭ፣ ረጅም ባኞ። የራሴ!

በምሠራበት የቱሪስት ሎጅ የእንግዳ ባኞ ስወለውል ነው የኖርኩት። ዕቃ ሲቀይሩ አሮጌውን እኔ ወሰድኩት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተላጧል። ይላጥ።

ደግሞ ለእኔ አይደለም፣ ለእማ ነው። ከጃናሞራ ካመጣኋት ወዲህ ጉልበቷ ብሶበታል። ወንድሜ ደረጀ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ቅዳሜ መጥቼ እሁድ ይዣት እሄዳለሁ። አንቺ ጋ ሙቅ ውሃ እንኳ የለም» አለኝ። ይቺ ሙቅ ውሃ የምትለዋ ነገር አንጀቴን አሳረረችው። እማን ስጠይቃት «እንደ ወደዳችሁ አድርጉኝ» ትላለች። እንደዚህ ስትል መሄድ አልፈለገችም ማለት ነው፣ አውቃታለሁ። እኔም እንድትሄድ አልፈልግም። እሷ ከሌለች ከሥራ ወጥቼ ወደ ማን ነው የምገባው?

እንግዲህ እስከ ቅዳሜ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

ከሙሉጌታ ጋር ተጨቃጨቅን። ዙሪያውን በብሎኬትና በሲሚንቶ ካልገነባሁት አለ። «ካልተገነባ ባኞ አይባልም፣ ሰው ምን ይለኛል?» እኔ ደግሞ በእግሩ ይቁም አልኩ። ሥሩን መጥረግ፣ ቢያፈስ ማየት እፈልጋለሁ። አሸነፍኩ።

ውሃ ልክ ጠርዙ ላይ ስናስቀምጥ አንደኛው እግር አጠረ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጠን ከሥሩ አደረግን። ማፍሰሻውን ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጋር አገናኘው። ባልዲ ውሃ ደፍቼ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ በባትሪ አየሁ። ጠብ የለም! ብቻዬን እልል አልኩ።

ለእማ ሕጉን ነገርኳት። አሸዋ የለም፣ የብረት መፈግፈጊያ የለም። ለስላሳ ጨርቅና ሳሙና ብቻ። ሲያበቃ ማድረቅ። ውታፉ ተነቅሎ ይሰቀላል። ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በአመድ እያሸችው ነው!

«እማ! ምን አልኩሽ?»

«አመድ መቼ አልሽ? አሸዋ ነው ያልሽ።»

እውነቷን ነው፣ አመድ አላልኩም። ታችኛው በኩል ትንሽ ተጫረ። ልቤ ተቃጠለ፣ ግን ምን ይደረጋል።

ማታ ግቢበት አልኳት። ዙሪያውን እያነከሰች ዞረችው። «የሬሳ ሳጥን መሰለኝ። መምሬ ሳይባርኩት አልገባም።» እሺ። መምሬ አድማሱ የንስሐ አባታችን ናቸው፣ እንቢ አይሉንም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬ የሰፈራችን የውሃ ተራ ስለሆነ በብረት ድስት እያፈላሁ ቀላቅዬ እስከ አፉ ሞላሁት። መምሬ መጡ። እኔ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እቴ! ጧፍ አስበሩ፣ ድርሳን አነበቡ፣ መስቀላቸውን ውሃው ውስጥ እየነከሩ ባረኩት። ሲጨርሱ «በሉ እመት ጥሩ፣ ይኸው ጠበል ሆነልዎ። በእምነት ይግቡ» አሏት።

እማ ፊቷ በራ። መምሬን ሸኝተን ስንመለስ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ከዚያ ቆም አለች።

«ልጄ፣ ውሃው ሲወጣ የት ነው የሚሄደው?»

እኔ ሞኟ ኮራ ብዬ «ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነዋ!» አልኩ።

መቀነቷን መልሳ አሰረች። «ጠበል ሽንት ቤት? እንዲህ ከምታደርጊኝ ብርዱ ይግደለኝ።»

ጠበል እግር በማይረግጠው ቦታ እንደሚደፋ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለ ቱቦና ስለ ውሃ ልክ ሳስብ ይሄ ከጭንቅላቴ ጠፋ። አሁን ባኞው ጢም ብሎ ተቀምጧል። አይታጠቡበት፣ አይደፉት።

ሙሉጌታን ወደ ጓሮ አዲስ ቱቦ ቅበርልኝ አልኩት። «ነገ ሚካኤል ነው፣ ከነገ ወዲያ ቀዳሚት ሰንበት። አፈር አልነካም። ሰኞ።»

ደረጀ እኮ ቅዳሜ ነው የሚመጣው! ማዕድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን እታገኝ ጀሪካን ይዛ ከተፍ አለች። እማ ቅዳሴ ላይ ነግራታለች። «ጠበል ቤታችሁ ገባ አሉ፣ ቅጂልኝ።»

ቀዳሁላት። ከእሷ በኋላ እህቷ መጣች። ከዚያ የታችኛው ሰፈር ሰዎች። ከዚያ የማላውቃቸው። ሰልፉ የግቢውን በር አልፎ መንገድ ወጣ። አንድ ሽማግሌ በጣሳ ጠጥተው «ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉ፣ ግን ደገሙ። እማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታስተናብራለች። «አትጋፉ፣ ለሁላችሁም ይበቃል!» ከጃናሞራ ከወጣች ጀምሮ እንዲህ ድምፅዋ ከፍ ብሎ አልሰማሁም። ከሰዓት በኋላ ባኞው ባዶ ሆነ። የቀረችውን ጭላጭ እሷው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየመጠጠች ለራሷ ከያዘችው ጀሪካን ውስጥ ጨመቀችው።

ባዶውን ባኞ ቆሜ ሳየው ነው የገባኝ። አልተገነባም እኮ! እግር አለው! የዕቃ ቤታችን በር ሰፊ ነው፣ የሚከፈተውም ወደ ጓሮ ነው። እዚያ ጌሾው ታጥሮ ቆሟል፣ እግር አይረግጠውም።

«እማ፣ ሚካኤል ቀን መሸከም ነውር ነው?»

አሰበችበት። «መሸከም ቁፋሮ አይደለም» ብላ ፈረደች።

የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ከቀዬው ጫፍ ጠላቸውን ጠጥተው ሲመለሱ ያዝኳቸው። ሁለት አጣና ከሥሩ አሳልፈው ብድግ፣ መቃኑ ገና ባልተመለሰው በር አውጥተው በትከሻቸው ወደ ዕቃ ቤት! አንዱን ጫፍ የያዘው ሙሉጌታ ነው። ማፍሰሻው ላይ የውሃ ጎማ ሰክቶ በበሩ ሥር ወደ ጌሾው ለቀቀልኝ። «ሚካኤል ይሄን አይቆጥርብኝም» አለ። ሲሚንቶውን አላነሳሁበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳሁበት።

አሁን የቀረው ውሃ ነው። ተራችን ደግሞ ማክሰኞ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ነበር። በሩ ተንኳኳ። እታገኝ ናት፣ ያንኑ ጀሪካን በጋቢ ጠቅልላ። ሙቅ ውሃ!

«ጠበል ወስጄ ዝም ልበል እንዴ?»

አልጨረሰችም፣ እህቷ ደረሰች። ከዚያ የታችኛው ሰፈር። ያ «ሳሙና ሳሙና ይላል» ያሉት ሽማግሌ እንኳ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥለው መጡ። ዕቃ ቤቱ በእንፋሎት ታፈነ። እማ የራሷን ጠበል ከላይ ጨመረችበት፣ አማተበች። አንገቴን ይዛ አንድ እግሯን፣ ከዚያ ሁለተኛውን አስገባች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ደነገጥኩ።

«እማ?»

«ዝም በይ እስቲ። ጉልበቴ ሲፍታታ ይሰማኛል።»

ደረጀ የደረሰው ይሄን ጊዜ ነው። ካፖርቱን እንደለበሰ በጓሮ ዞሮ መጣ። «እማስ?» አለኝ። ባኞ ውስጥ ናት ስለው የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ፦ «ደረጀ! ብርድ ይገባል፣ በሩን እንዳትነካ!»

ሳቁ ቆመ። በበሩ ስንጥቅ ስለ አዲስ አበባ ሐኪም፣ ስለ አዲስ አበባ አየር ያስረዳት ጀመር።

«እዚያ ቤትህ ባኞ አለ?»

«ሻወር አለ እማ።»

«እሱማ ቆሞ ነው። እኔ ተቀምጬ ነው የምታጠብ።»

ነጠላዬን ነክሼ ሳቅሁ። ውሃው ሲለቀቅ በጎማው ተንቆርቁሮ ጌሾው ሥር ገባ። ደረጀ ቆሞ አየው።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 14

ደረጀ ብቻውን ሄደ! ትናንት ማታ «ትንሽ ሙቅ ውሃ ይገኛል?» ብሎ እሱም ገብቶበት ነበር። በር ደብድበን ነው ያወጣነው። ሲሰናበተኝ «ለክረምቱ እናያለን» አለ። ክረምት ገና ነው።

የእማ ጉልበት አልዳነም። ዛሬም አንክሳ ነው የሸኘችው። ግን ሌሊቱን ስታቃስት አልሰማኋትም። ወይ እኔ ደክሞኝ ተኝቼ ይሆናል።

ከመናኸሪያ ስመለስ ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘኋት። ባኞውን በለስላሳ ጨርቅ ታደርቃለች። አመድ የለም። ውታፉም ተነቅሎ ተሰቅሏል።

«ማክሰኞ ውሃ ሲመጣ እታገኝን ቀጥሬያታለሁ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ወገቧን ያማታል። ሐሙስ ደግሞ እህቷ ናት። ከገና በኋላ የታችኛው ሰፈር ሴቶች ይገባሉ።»

የእኔ ተራ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።