ጨርቁን ተወው

ታኅሣሥ 18፣ ከሰዓት 9፡00

ማስቲሹ ዛሬም አልደረቀም። በዚህ ብርድ ምን ይደርቃል? ከሳነቴ ተራራ የወረደው ንፋስ የጥገና ሱቄ ገብቶ ደንበኛ መስሎ ተቀምጧል። የቀኙን ስፒከር ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀት በፊቱ ደፍቼ እጠብቃለሁ። ግራው ገና አልተነካም።

ጫልቱ ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ ሳቀችብኝ። ስልክ የሚያሠራው ሰው በር ላይ ቆሞ አንተ እንጨት ታሻለህ አለች። ሚስቴ ነች፤ ማለት ትችላለች።

ግን ደብተሬ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እጄ ገብቶ አያውቅም። ሳጥኑ ወፍራም እንጨት፣ ማግኔቱ ከባድ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ። የእትዬ አስካለ ናቸው (ከእንግዲህ እ.አ. እላቸዋለሁ፣ እጄ ይረፍ)። ከጎባ በሚኒባስ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ራሳቸው አመጧቸው። ሟች ባለቤታቸው ጋሽ ከበደ ካሴት ቤት ነበራቸው። ጎባ ያደገ ሁሉ ዘፈን የሰማው በእነዚህ ነው። ልጃቸው ከጥምቀት በኋላ ትዳራለች። አባቷ ባይኖሩ ስፒከራቸው ይኑርላት ብለው ነው የሚያሠሯቸው። እ.አ. ከል ያወለቁት ራሱ ገና መስከረም ላይ ነው።

ወረቀቱን ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ስነካው አመድ ሆነ። ምትኩ እዚህ ሮቤ አይገኝም። የቆዳ ጃኬቴን እጅጌ ቆርጬ ቀለበት አወጣሁለት። ስስ የበግ ቆዳ ነው፣ ይታጠፋል፣ ይተነፍሳል። ጫልቱ ስለ እጅጌው ገና አላወቀችም።

ታኅሣሥ 20፣ ጠዋት 4፡00

ከስፒከሮቹ ፊት ያለው ጨርቅ ያስጠላል። ጭስ የጠጣ፣ አቧራ የጠገበ፣ ቀለሙ የማይለይ። የፋብሪካም አይደለም፣ በእጅ የተሰፋ ነው። እ.አ. ዘንድ ደወልኩ። ጨርቁንስ ምን ላድርገው አልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ጨርቁን ተወው» አሉ። ቀጥለው «የ…» ሲሉ ጠፋ።

ተወው አሉ፣ ተውኩት። አውልቄ መሬት ጣልኩት። ባለ ባጃጁ ጀማል በር ላይ ነበርና መስታወት መጥረጊያ ይሆነኛል ብሎ ሁለቱንም ወሰደ።

ገበያ ወርጄ ስስ ጥቁር ጨርቅ ገዛሁ። ድምፅ ያሳልፋል። ጥቁር ምንጊዜም ያምራል።

ታኅሣሥ 24፣ ከሰዓት

የግራው ቀለበትም ተለጠፈ፣ ደረቀ። ዛሬ ባትሪ አስነካኋቸው። የቀኙ ወረቀት ወደ ውጭ ገፋ። የግራው ወደ ውስጥ ገባ! ለካ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ሽቦውን አዟዙሮበታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲጣሉ ነው የኖሩት። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ መሐል ላይ ይሞታል። የሽቦ መበየጃ ስታኞውን አቅልጬ ቀይና ጥቁሩን አቀያየርኩ። አሁን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። ደስ አለኝ። ሰው ቢያየኝ ስፒከር አስታርቄ ስስቅ አብዷል ይላል።

ጫልቱ እጅጌውን አወቀች። የሆነው ሆነ።

ታኅሣሥ 27

ሳጥኖቹ በብርጭቆ ወረቀት ታሹ፣ ቫርኒሽ ጠጡ፣ ጥቁሩ ጨርቅ ተወጠረ። መብራት እስኪመጣ ተቁነጠነጥኩ። መጣ። ካሴት ከፈትኩ።

ምን ልበልህ። መንገደኛ ቆመ። ገብስ የጫነ ጋሪ ቆመ። ጀማል ባጃጁን አጥፍቶ ወረደ። ጫልቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ዘፈኑ ሲያልቅ እጅጌው ሐላል ይሁንልህ አለችኝ።

ለ እ.አ. ደወልኩ። የገና ማግስት እመጣለሁ አሉ።

ታኅሣሥ 30፣ ከሰዓት 10፡30

እጄ አይጽፍልኝም።

መጡ። ነጭ ለብሰዋል፣ ዳቦ ይዘውልኝ። ስፒከሮቹን ከሩቅ አዩ። ፈገግ ሊሉ ጀምረው ተዉት። ቀረቡና መዳፋቸውን ጥቁሩ ላይ አሳረፉ።

«ከል አለበስካቸው?»

ከል። እኔ የጎባ አስተማሪ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት እየሄድኩ ያደግኩ፣ ለሠርግ ዕቃ ከል አልብሼ ጥቁር ያምራል እላለሁ።

የድሮው የት አለ አሉ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ፣ ቆመው። ጨርቁ በመልሳቸው ዕለት የለበሱት ቀሚስ ነው። የስፒከሮቹ የፋብሪካ ጨርቅ ሲቀደድ ጋሽ ከበደ ሳይጠይቁ ከግርጌው ቆርጠው ሰፉበት። እ.አ. ስንት ቀን አኮረፉ። ጋሽ ከበደ ደግሞ፣ አንቺ ሱቅ ባትመጪም ቀሚስሽ ከእኔ ጋር ይዋል ብዬ ነው አሉ። ይኸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ዋለ። ስልክ ላይ ያሉኝም ይኼንኑ ነው፦ ጨርቁን ተወው፣ የመልሴ ነው።

እንዳትነካው ማለታቸው ነበር።

እኔ ምን አልኩ? አይጥ በላው አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ቀጠልኩ፦ ሌሊት ገብቶ፣ በጣጥሶ፣ እኔም አዝኜ። አመኑኝ። ጭራሽ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ ደረጀ፣ ስንዴ አገር አይጥ ምን ይደረጋል» አሉ። የሚያጽናኑት እሳቸው፣ የምጽናናው እኔ።

ጥቁሩ ይሁን አሉ። ለሠርጉ ሰሞን መጥተው ሊወስዷቸው ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እኔ በበላሁ አይጥ ተመታ።

ጥር 2፣ ጠዋት

የጎባ ሚኒባስ ረዳት ካርቶን አደረሰኝ። ውስጡ ድመት። ከ እ.አ.። አይጡን ታጥፋልህ ብለዋል።

ግራጫ ነች፣ ደረቷ ነጭ። ሱቁን ዞረች፣ ጥግ ጥጉን አሸተተች፣ ምንም አላገኘችም። ምን ታገኛለች? አሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ስታኞ ሳቀልጥ ታየኛለች። ወተት ሰጠኋት፣ ጠጥታ እንደገና ታየኛለች።

ለጫልቱ ነገርኳት። የማትስቀው ሲከፋት ብቻ ነው፣ አልሳቀችም። በእኛም ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ «ዺሲ» ያው ነው አለች፤ ተወው ጣለውም ነው፣ ተወው አትንካውም ነው። ለዚህ ነው ሰው የሚጠይቀው፣ «ማል ጄቹ?» የሚባለው፣ ምን ማለት ነው የሚባለው። ደግመህ ብትደውል ምን ነበረበት?

እውነተኛውን መልስ ለእሷ አልነገርኳትም። ለአንተም ታኅሣሥ 20 ላይ አልጻፍኩልህም። ስደውል ምላጩ እጄ ላይ ነበር። የቀኙን ጨርቅ ግማሹን ቀድሜ ቀድጄው ነበር። የደወልኩት ልጠይቅ አይደለም፣ ደግ አደረግህ እንዲሉኝ ነው። ለዚህ ነው «የ…» ብለው ሲጠፉ መልሼ ያልደወልኩት።

ጥር 3

ጀማልን ያዝኩት። አንዱ ጨርቅ ጎሮ ገበያ የሄደ ዕለት ጠፍቶታል፤ የሰው በርበሬ ማዳበሪያ ቀዳዳ ወትፎበት አብሮ ሄደ። ሌላው ከወንበሩ ሥር ነው። አወጣው። ጥቁር፣ ዘይት የጠገበ፣ ነዳጅ ነዳጅ የሚል። ምን ሆነሃል አለኝ፤ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ወላሂ አላወቅኩም አለ። አውቃለሁ፣ እሱ ምን አጠፋ።

ጥር 5

ጫልቱ እጠቢልኝ ስላት ጨርቁን መልሳ አስያዘችኝ። ራስህ እጠበው አለች።

ዘፈዘፍኩ። በሳሙና አሸሁ። ውኃውን ደፋሁ፣ እንደገና ዘፈዘፍኩ። እጄ በብርድ ደነዘዘ። ከሰዓት ላይ አንድ ነገር ብቅ አለ፦ ቢጫ መደብ፣ በላዩ ትናንሽ ቀይ አበባ። የሰው የደስታ ቀን ልብስ። እኔ ቀለሙ የማይለይ ብዬህ ነበር።

ድመቷ ገመዱ ሥር ተቀምጣ የሚንጠባጠበውን ታያለች።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ገበያ ይኼን የሚመስል ባለ አበባ ጨርቅ አይጠፋም። ሌላኛውን ከእሱ አስሰፍቼ፣ ከአይጡ የተረፈው ተገኘ ብል? ልወጣ በሩን ከፈትኩ። ጫልቱ የት ነው አለች። ነገርኳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አንተ ግን እስኪጠራ ስንት ውሸት ትቀዳለህ አለች። በሩን ዘጋሁ።

ጥር 8፣ ከሰዓት 11፡00

ጎባ ደርሼ መመለሴ ነው። ጨርቁ በፌስታል፣ ድመቷ በካርቶን። ሚኒባሱ ውስጥ ስትጮህ ሰው ሁሉ እኔን አየ።

እ.አ. ጓሮ ለሠርጉ ጌሾ ያሰጣሉ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው፦ አይጥ የለም፣ የቀደድኩት እኔ ነኝ፣ ስደውልልዎ ምላጭ ይዤ ነበር፣ አንዱ ጎሮ ጠፍቷል፣ አንዱ ይኸውና። ሁሉንም። ድምፄ እንደ ተማሪ ሆነ።

ጨርቁን ከፌስታሉ አወጡ። ዘረጉት። አበባውን በጣታቸው ሄዱበት። የምላጩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ «ተወው» አሉ።

በዚህ ጊዜ ጠየቅኩ። እትዬ፣ ምኑን ነው የምተወው አልኩ። ጨርቁን ነው? ድመቷን ነው? ነገሩን ነው?

አዩኝ። ጨርቁን እዚሁ ተወው አሉ፣ ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ይዘውታል። ድመቷን ይዘህ ሂድ፣ የተሰጠ ነገር አይመለስም። ስፒከሮቹን ከሉን አውልቅላቸውና ባዶአቸውን ይምጡ።

ነገሩንስ አልኩ። ጌሿቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

ጥር 9፣ ጠዋት 3፡00

ጥቁሩን አወለቅኩ። ቀስ ብዬ፣ በምላጭ ሳይሆን ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅዬ። ባዶአቸውን ናቸው አሁን፣ ወረቀታቸው ይታያል፣ የጃኬቴ ቆዳም ይታያል።

ወስኛለሁ። አድርሼ ብቻ አልመለስም። ቢጠሩኝም ባይጠሩኝም ሠርጉ ቀን እዚያው ስፒከሮቹ ጎን እቆማለሁ። ጎባ እነዚህን ስፒከሮች ያውቃል፣ ጨርቃቸውንም ያውቃል። ሰው ሁሉ የት ሄደ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን እሳቸው እንዲሰጡ አልተውም።

ጀማል ባጃጁን አስነስቶ ጥሩንባ ይነፋል። ጎባ ለማድረስ አላስከፍልም ብሏል። ድመቷ ትቀራለች፣ ሱቅ ጠባቂ ሆናለች።

ከመውጣቴ በፊት እዚህ ልለማመደው፣ አፌ እንደገና እንዳይከዳኝ። ጨርቁን አይጥ አልበላውም። ጨርቁን ጋሽ ከበደ ከእትዬ አስካለ የመልስ ቀሚስ ነበር የሰፉት። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ተወው ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን… ጀማል ደግሞ ነፋ፣ ቀሪውን እዚያው እጨርሰዋለሁ።