አስካለች የመገበችኝ ዱቄት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ተረፈ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ሰነበተ? እትዬ ገነቴስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ድኛለሁ፤ ጥፍሬ በቅሎልኝ ይህን በገዛ እጄ እጽፍልሃለሁ። ልቤ ግን አልበረደም።

ጣቢታን ወልጄ አቅም ሲያጥረኝ፣ የባሌ የጠና እናት አስካለች (አንቱ ማለቱን ትቻለሁ፣ ይቅር በለኝ) የጥጆቹን መድኃኒት አነሳች። ጥጆቻችን እግራቸው ሲዝል የከብት ሐኪሙ የሰጠው ነጭ ዱቄት ነው፤ ቁንጥር ብቻ ከአንድ ጆንያ ጨው ጋር እንዲቀላቀል አዞ ነበር። እሷ ግን «ጥጃ ያቆመ ሰው አያቆምም?» እያለች በየጠዋቱ በማንኪያ ጫፍ ቡላ ገንፎዬ ላይ ነሰነሰችው። ጸጉሬ በእፍኝ ተነቀለ፤ ጥፍሬ ወለቀ። ያን ጊዜ «ቁምጥና ነው» ብላ ልጄን ከጡቴ ነጥቃ ወደ እናታችን ቤት አባረረችኝ። ጠናም እጁን አጣምሮ አየ።

የሆሳዕናው ሐኪም ትንፋሼ ነጭ ሽንኩርት ሲሸተው ደንግጦ የበላሁትን ጠየቀኝ። ጎረቤት የዱቄቱን ቆርቆሮ በድብቅ አመጣችልኝና አሳየሁት። ሰሌኒየም የሚባል ማዕድን አለበት አለኝ። ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ጥቂቱ ሲጠፋ ከብት ይዝላል፣ ለሰውም ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ሲበዛ ግን መርዝ ነው።

ጸጉሬ ሲበቅል ጠናና እናቱ «ተመለሺ» ብለው ሽማግሌ ይዘው መጡ። አስካለች በሰው ፊት «ዱቄቱ ምን ጎዳት?» አለች። እኔም ካሳ አልፈልግም፣ እሷም ትቅመሰው ብዬ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ሰው ሲያያት ጊዜ አፍራ አንድ ማንኪያ ዋጠች። ጠና ዘሎ ማንኪያውን ከእጇ አስጣላትና «እናቴን ልትገድያት ነው?» ብሎ ጮኸ። ትልቁ ሽማግሌ «ለሚስትህ ጊዜ ይህ እጅህ የት ነበር?» አሉት። ጣቢታንም በዚያው ዕለት አስረከቡኝ፤ አሁን ጉልበቴ ላይ ተኝታለች።

አስካለች ማበጠሪያዋን እያየች፣ ጥፍሯን እየነካካች ስታለቅስ ትውላለች አሉ። እሰይ! እውነተኛውን ዱቄት ሐኪሙ አስቀርቶታል። ያቀመስኳት በባዶው ቆርቆሮ የሞላሁትን የቡላ ዱቄት ነው፤ በድንጋጤ ጣዕሙን እንኳ አልለየችውም። ማርከሻው ምንድን ነው ብላ ሰው ልካብኛለች። ጸጉሬ ትከሻዬ እስኪደርስ አልነግራትም፤ አንተም እንዳታወጣብኝ።

እናታችን ትስምሃለች። እትዬ ገነቴን ሳምልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ከጠና ቤት የሚመጣ አማላጅ ቢያንኳኳ በርህን አትክፈት።

እህትህ ትርፊት
ሾኔ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.