በሚጠጣ ውሃ የገነቡት የኢንጂነር ኡቱፕ ቫርኪ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ኡቱፕ ቫርኪ ከአባታቸው ከአቶ ቫርኪ ኢቲ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሊሽዋ ቻንዲ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1941 በኬረላ፣ በኩታናድ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በቼሪካል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከሐይቁ ሥር ዛጎል እያወጡ ኖራ የሚያቃጥሉ ሰው ስለነበሩ፣ ኢንጂነር ኡቱፕ የመጀመሪያውን የግንባታ ትምህርት የተማሩት በጀልባ ላይ ነው፤ ንጹሑን ዛጎል ጭቃ ከያዘው መለየትን።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን ደብር ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በአላፑዛ ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1963 ከትሪቫንድረም በሲቪል ምህንድስና በማዕረግ ተመረቁ። በዓመቱ በመንግሥት ሕንፃዎች መሥሪያ ቤት ተቀጥረው፣ ብዙዎች በማይመኙት ወንበር ተቀመጡ፤ የሥራ ዝርዝር መግለጫ ጸሐፊ ሆኑ። ግድግዳው የት እንደሚቆም የሚያሳየው ፕላኑ ነው፤ ከምን፣ በምን ያህል መጠን እና እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው ግን ይህ ሰነድ ነው። «ፕላኑን ሁሉም ቆሞ ያደንቀዋል፤ ዝርዝሩን የሚያነቡት ሲጣሉ ነው» ይሉ ነበር።

በ1968 ከመምህርት አቻማ ኩሩቪላ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1970 የገዛ መንደራቸው ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ እንዲሠራለት ሲወሰን፣ ዝርዝሩን የማዘጋጀት ዕድል ለእርሳቸው ደረሰ። በዚያ ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ያለፈውን ሰነድ ወስዶ የቦታውን ስም መቀየር ነበር። እርሳቸውም በተራራው አገር ለተሠራ ትምህርት ቤት የተጻፈውን ወስደው ስሙን ቀየሩ። «ለአርማታው የሚሆነው ውሃ በአቅራቢያው ካለው ምንጭ ይቀዳል» የሚለው አንቀጽ ሳይነካ አለፈ። የተራራው ምንጭ ጣፋጭ ነው። ለእኛ ትምህርት ቤት የሚቀርበው ውሃ ግን የመንደሩ ቦይ ነው፤ ቦዩ ደግሞ በበጋ ወራት የባሕር ጨው ይገባበታል። ተቋራጩ አቶ ፓይሊ ኮራ የጣሪያውን አርማታ፣ ሶሌታውን፣ የሞሉት በበጋ ነበር፤ እንደታዘዙትም ከቦዩ ቀድተው።

በአምስተኛው ዓመት በአርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ ብረት ጨው በልቶት፣ ዝጎ አበጠ፤ ከጣሪያውም ትልቅ የአርማታ ቁራጭ ተገንጥሎ በሦስተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ወደቀ። ልጆቹን በዚያው የሚያስተምሩት ባለቤታቸው መምህርት አቻማ ለምሳ አስወጥተዋቸው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ጥፋቱን በአቶ ፓይሊ ላይ አድርጎ ከተቋራጮች መዝገብ ሰረዛቸው። «ሲሚንቶ የበላው ፓይሊ» የሚል ስምም በገበያው ወጣላቸው።

ኢንጂነር ኡቱፕ ጉዳቱን አይተው ወደ እናታቸው ቤት ሲገቡ፣ ወይዘሮ ኤሊሽዋ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ በቤተሰባችን ይነገራል። «ልጄ፣ እኛ በበጋ በዚህ ውሃ ሩዝ እንኳን አንቀቅልም። አንተ ትምህርት ቤት ቀቀልክበት!»

በማግስቱ ለመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ አስገቡ፤ ቅጂው በእጃችን ይገኛል። «ተቋራጩ የታዘዘውን ፈጽሟል። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳተውም ትእዛዙ ነው» ይላል። የቅርብ አለቃቸው አዝነው፣ «ኡቱፕ፣ ይህን ወረቀት መልሰህ ውሰድ። ፓይሊ ሌላ ሥራ አያጣም፤ አንተ ግን ሌላ ስም አታገኝም» ቢሏቸው፣ በአገራችን አለቃ በሚጠራበት የአክብሮት ቃል፣ «ሳር፣ እሱም ያለው ስም አንድ ነው» ብለው መለሱ። አቶ ፓይሊ ወደ መዝገቡ ተመለሱ። የኢንጂነር ኡቱፕ የደረጃ ዕድገት ግን ሰባት ዓመት ዘገየ፤ በዚህም አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ የሰማቸው የለም።

በ1977 የተበላሸው ሶሌታ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ፣ ሥራውን የያዙት አቶ ፓይሊ ነበሩ። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ውሃው በላብራቶሪ ይመረመራል፤ በተጨማሪም በእያንዳንዱ የሙሌት ቀን፣ ሲሚንቶ ከመቦካቱ በፊት፣ መሐንዲሱና ፎርማኑ ከበርሜሉ አንድ አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ።» የመጀመሪያውን ብርጭቆ ኢንጂነር ኡቱፕ አነሡ። አቶ ፓይሊ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት፣ «ሳር፣ አይቅመሱት፣ ይጨልጡት እንጂ! ትምህርት ቤቱ አምስት ዓመት ሙሉ ጠጥቶታል» አሏቸው። ሳቁ ከቦዩ ማዶ ተሰማ ይባላል። እርሳቸውም ጨልጠው ብርጭቆውን ለአቶ ፓይሊ አቀበሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ወዳጆች ነበሩ።

በ1999 በዋና መሐንዲስነት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሁለት መቶ ለሚበልጡ ሕንፃዎች ዝርዝር ጽፈዋል። ከዚያ ስህተት በኋላ ግን አንዱንም ቦታውን በእግራቸው ሳይረግጡና ውሃውን ሳይቀምሱ አልጻፉም። በ2018 ታላቁ ጎርፍ ቼሪካልን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስ በዚያ ትምህርት ቤት ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተጠልሏል። እኛ የልጅ ልጆቻቸው አፓቻን የምንላቸው እኚህ ሰው ያኔ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ በሌሊት ልብሳቸው ምንጣፍ ላይ ተኝተው ጣሪያውን ሲያዩ፣ አቶ ፓይሊ ከጎናቸው ሆነው «ይተኙ ሳር፣ አይወርድም» ሲሏቸው የሰማን ብዙዎች ነን።

ኢንጂነር ኡቱፕ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2023 በተወለዱ በ82 ዓመታቸው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው መምህርት አቻማ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸው እና አቶ ፓይሊ በሕይወት አሉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቤተሰባችን መቃብር ሲታደስ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመቱ አቶ ፓይሊ በከዘራ ተደግፈው መጡ። ግንበኛው ሲሚንቶውን ሊያቦካ ሲል አስቆሙት፤ ከባልዲው አንድ ብርጭቆ ቀድተው ጨለጡና፣ «አሁን ሥራ» አሉት።

ያጠፉትን ሳይሸሽጉ የሠሩትን ያጸኑ አባታችንን፣ ቤቱን በዐለት ላይ የመሠረተ አምላክ በማያረጅ ማደሪያው ያኑርልን። አሜን።