ዘፈን ይኖራል፣ ዘፈን አይኖርም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሪሞቱን የት ነው የደበቅሽው?

ከሶፋው ሥር አየሁ። ከመጋረጃው ኋላ አየሁ። ቦት ጫማሽ ውስጥ እጄን ሰደድኩ፤ አንድ ካልሲ ብቻ። ዘንድሮ ጎበዝ ሆነሻል። የድራማውን አምስተኛ ክፍል ብቻዬን ሰርቄ ያየሁ ጊዜ ነው መደበቅ የጀመርሽው፤ እስካሁን ግን ከአንድ ቀን በላይ ፈልጌው አላውቅም።

ልከፍተው አይደለም። ስምምነታችንን አላፈርስም፤ ብቻዬን አላይም። የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው።

ዛሬ ምንም አልሆነም። የሒሳብ ፈተና ተመለሰልን። ከሃያ አሥራ አራት። እማዬ አንሶላ አጠበች። አክስቴ አሁንም ያንቺ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። ታንኮራፋለች። ብትሰሚ፣ ይቺማ ለብቻዋ ባንድ ናት ትዪ ነበር።

ከሄድሽ ሦስት ሳምንት ሆነሽ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ይህን ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን ልጻፈው... እንዳይጠፋኝ።

ድራማው። አምስት ተማሪዎች፣ ሁሌ የትምህርት ቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ። ለዚህ ነው “ባለደረጃዎቹ” ያልናቸው። ይዋደዳሉ፣ ይኳረፋሉ፣ አንዱ ከቤት ይጠፋል። እኔ ታሪኩን ነበር የማየው። አንቺ ዘፈኖቹን። ማንም የማያውቃቸው ልጆች፣ ትልቅ ኩባንያ የሌላቸው፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ የሚቀዱ። ኢንዲ ይባላል አልሽኝ። ለምን ታዋቂ ዘፋኝ አያመጡም ስልሽ፣ ርካሽ ስለሆነ ነዋ ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ደግሞ ቆይተሽ፦

“ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ማሙሽ። ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ታውቃለህ።”

ከሁሉ የምትወጂው ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ የሚሰማበትን ነበር። ሌሎቹ ቆርጠው ይጥሉታል፣ እነዚህ ይተዉታል ትዪ ነበር። አስም ያለበት ሰው ትንፋሽ ቢወድ ምን ይገርማል?

እያንዳንዱን ክፍል ሁለቴ። ሕጉ ያ ነበር። መጀመሪያ ድምፁ ጠፍቶ። ከአምስቱ አንዷ፣ ባለኮፍያዋ፣ በር ትዘጋለች፤ አንቺ ጎኔን በክርንሽ ትወጊኛለሽ። ተመልከት፣ በር ነው። በር ብቻ። ከዚያ ከነድምፁ። ያው በር፣ ያው እጅ፣ ከሥሩ አንድ ጊታር... ወደ ቴሌቪዥኑ እጠጋለሁ። ያን ጊዜ ትፈርጃለሽ። ዘፈኑ፣ ድራማው ውስጥ ያለው ሰው ካዘነ በኋላ ከመጣ ታማኝ። ከሰውዬው ቀድሞ ካለቀሰ ዋሾ።

በዚያ ቀን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዘፈን አልነበረም። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ጎማ ይጮኻል። ሐኪሙ ወጣ። ትንፋሿን ልንመልሰው አልቻልንም አለ። አባዬ “እሺ” አለ። እሺ። ፍሪጅ የሚያስጠግን ደንበኛ ነገ እወስዳለሁ ያለው ይመስል። እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ጎማውን ነበር የምሰማው። ዘይት ይፈልጋል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህም ምንም አልመጣም። ድምፁ ጠፍቶ እንደሚታየው ነኝ። በር ነው። በር ብቻ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

የክፍላችሁ አለቃ መጣ። ያ ጫማውን ሁሌ አንድ ቁጥር አስፍቶ የሚገዛው። ዓርብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊያስቡሽ ነው። ፎቶዎችሽን በስክሪን ሊያሳዩ፣ ከሥሩ ዘፈን ሊያስገቡ። የምትወጂውን አንተ ታውቃለህ አለኝ። ውሃ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ሳይጠጣ ሄደ።

ደብተርሽን አወጣሁ። ብርቱካናማዋን። የክፍሉ ቁጥር፣ ደቂቃው፣ ዘፈኑ። አንዳንዱ ከሥሩ ተሰምሯል። አንዳንዱ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ክብ አለ። ቀይ ያለበትን መረጥኩ፤ የሰባተኛውን ክፍል፣ ባለኮፍያዋ ሻንጣዋን ይዛ የምትወጣበትን። ያኔ ዝም ብለሽ ነበር ያየሽው። የወደድሽው መሰለኝ።

የመጨረሻውን ገጽ አየሁት። በሁለታችን እጅ ጽሑፍ።

“ክፍል 12። እኔ፦ ዘፈን አይኖርም። ማሙሽ፦ ይኖራል። የተሸነፈ አንድ ወር ሙሉ ሳህን ያጥባል።”

ከሥሩ ፊርማ። የአንቺ፣ የእኔ። የድራማው መጨረሻ ነው፤ ቅዳሜ ልናየው ነበር። አንቺ ሐሙስ...

ክፍሉ ያለበት ፍላሽ አሁንም ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተሰካ ነው። እስካላየሁት ድረስ አብረን ያልጨረስነው አንድ ነገር አለ። ካየሁት የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወንበር ያላገኙት ግድግዳ ተደግፈው። ፎቶዎችሽ መጡ፤ ያ ጥርስሽ የወለቀበትም ሳይቀር። ከየት እንዳገኙት እንጃ። አክስቴን ጠረጠርኩ።

ዘፈኑ ጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። ከበሮው ሲገባ አለቀሱ። ሁሉም በአንዴ፣ የመብራት ማብሪያ እንደተጫነ። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ሳትቀር፤ ሁለቴ ከክፍል ያስወጣችሽ። እማዬ አባዬ ትከሻ ላይ። እኔ የመድረኩን መጋረጃ እያየሁ ነበር። አንዱ ቀለበቱ ወልቋል።

ከኋላዬ አንዷ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ወንድሟ እኮ ነው፣ አያለቅስም እንዴ?

አላለቅስም። ምን ላድርግ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አንቺ... ይህን ስሚ።

ደብተሩን ልመልስ ስል የኋላው ሽፋን ተገለበጠ። ከውስጥ በኩል በትንንሽ ፊደል ጽፈሽዋል። የተሰመረበት፣ ታማኝ። ቀይ ክብ፣ ዋሾ።

ዋሾ።

በራስሽ መታሰቢያ ላይ ዋሾ ያልሽውን ዘፈን አስከፈትኩብሽ። መቶ ሃምሳ ሰው አስለቀሰ። ሥራውን አሳምሮ ሠራ። ከበሮው ቀድሞ አለቀሰ፣ እነሱ ተከተሉት። አንቺ ብትኖሪ ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ተጋድመሽ፣ አፍሽን በሻርፕሽ አፍነሽ...

ሳቅ መጣብኝ። ትራስ ውስጥ ተቀበርኩ። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ገባች። ከኋላዬ አቅፋ ያዘችኝ።

“አልቅስ የኔ ልጅ። አልቅስ፣ ይውጣልህ።”

ፊቴን ከትራሱ አላነሳሁም። ጀርባዬን እየደባበሰች እሷ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም። የሳቁ ቦታም ባዶ ሆነ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አባዬ ፍሪጁን ሠራው።

የሰፈሩን ፍሪጅ ሁሉ ጠግኖ የቤቱን ሁለት ዓመት ያስጮኸ ሰው። እማዬ ለምናው፣ ተቆጥታው፣ ደንበኛ ነኝ ብላ ስልክ ደውላለት ሁሉ ነበር። አንቺ ግን ተዉት ትዪ ነበር። ቤዝ ጊታራችን ነው። ድራማውን ድምፁን አጥፍተን ስናይ ከኋላ የሚያጅበን እሱ ነበር።

ዛሬ ማንም ሳይጠይቀው ከግድግዳው ሳበው። ጀርባውን ፈታ። አንድ ሰዓት ያህል ሠራ። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ ነበር። ከዚያ እጁ ቆመ።

“ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?”

ሪሞቱ። ፍሪጁ ጀርባ ላይ፣ በቡናማ ፕላስተር ተለጥፎ፣ አቧራ ለብሶ። ከዚያ ማንም እንደማይደርስ ታውቂያለሽ። ያቺን ፍሪጅ የሚነካት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አይነካትም።

ነገርኩት። ስለ ስምምነታችን፣ ስለ ሳህኑ ውርርድ። ተረከዙ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ታዲያ መጨረሻውን አላያችሁትም አለ። አላየንም አልኩት። በእጅጌው አቧራውን ጠረገ። ባትሪውን ከፍቶ አየ፣ የሙያው ነገር ሆኖበት። ሰጠኝ።

“የእናንተ ነው” አለ።

የእናንተ።

ፍሪጁን መልሶ ገፋው። ሰካው። ምንም አይሰማም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ቆመች፤ መብራት የጠፋ መስሏት። ተናደድኩበት። ሁለት ዓመት ተለምኖ ያልሠራውን አሁን? አሁን ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። እሱም ገብቶት መሰለኝ፤ መሣሪያውን ሳይሰበስብ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሪሞቱ ትራሴ ሥር ነው። ባትሪው ይሠራል።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሬዲዮ የምንለው፣ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ይኸው ስሙን አላሰደበም። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ የድራማውን መጨረሻ አየኸው፣ ባለኮፍያዋ እኮ ብሎ ጀመረ። አፉን በእጄ ከደንኩት። ሁለታችንም ከወንበር ወደቅን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ዛሬ ተዘጋ አሉት።

እጄን ሳነሳ መጀመሪያ ያለው፣ እጅህ ጠመኔ ጠመኔ ይላል ነው። ከዚያ ፊቴን አየና ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

“ከእህትህ ጋር ነበር የምታየው፣ አይደል?”

“አዎ።”

“አልነግርህም። ለማንም አልነግርም። ግን ሌላው ይነግርሃል። አንተ ቀድመህ እየው።”

ልክ ነው። አንዱ አውቶቡስ ላይ ጮክ ብሎ ያወራዋል፣ አበቃ። ከማላውቀው ሰው አፍ ልስማው? ወይስ...

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አክስቴ እሑድ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እማዬ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት ከዚህ በላይ አልጠብቅም ብላለች። እኔ የከሰዓት ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ብቻዬን።

እማዬ ሸሚዜን እየተኮሰች ጠየቀችኝ። ብቻህን ስትሆን ትፈራለህ? የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ይፈራል አልኳት። ኮሌታውን ሦስቴ ተኮሰችው።

“እኔ እፈራለሁ” አለች።

አጠገቧ ቆምኩ። ካውያው እስኪበርድ ቆምኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አባዬ ቀድሞ ወጣ። እማዬ ከኋላው። ከውጭ ሆና በሩን ሁለቴ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። የእግሯ ድምፅ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ሰማሁ።

ሶፋው ላይ በእኔ በኩል ተቀመጥኩ። የአንቺን ጎን ለቀቅኩ። ደብተሩን እዚያ አደረግኩት። ስምምነቱን አፈረስኩ ወይስ ጠበቅኩ? አላውቅም። ከፈትኩት።

መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ። ባለኮፍያዋ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ናት። ሻንጣ ይዛለች። አራቱ ሊሸኟት ቃል ገብተዋል፣ አልመጡም። መንገዱን ታያለች። አውቶቡሱ ይመጣል። ትሳፈራለች። ካሜራው አይከተላትም፤ እሷ የተነሳችበት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀራል። ወንበር ነው። ወንበር ብቻ። ይጨልማል። አበቃ።

ከዚያ ከነድምፁ። የጫማዋ ኮቴ። ነፋስ። የአውቶቡሱ በር። ሞተሩ ይርቃል። ወንበሩ። አርባ ሦስተኛው ደቂቃ። ጊታር የለም። ምንም የለም። አሸነፍሽ ልል አፌን ከፈትኩ...

አንድ ሰው አየር ሳበ።

ማይኩ አጠገብ። ሊዘፍን ሲል እንደሚሳበው። ደረቱ እስኪሞላ። ከዚያ ጨለማ። የሠራተኞቹ ስም በፀጥታ ይወርዳል። ዘፈኑ የለም። ትንፋሹ ብቻ።

መለስኩት። ደግሜ መለስኩት። ሁለቴ ብቻ የሚለውን ሕግ ጣስኩ፣ ይቅርታ። አለ። በጣም ትንሽ ነው። ፍሪጁ ቢጮህ ኖሮ አልሰማውም ነበር። አባዬን ተናድጄበት ነበር...

ታዲያ ማን አሸነፈ? አንቺ፣ አልተዘፈነም ትያለሽ፤ ስለዚህ ዘፈን የለም። እኔ፣ አየር የሳበ ሰው ጀምሯል እላለሁ። አንቺ፣ ማሙሽ አታጭበርብር። እኔ፣ ደብተርሽ ላይ ትንፋሽ ያለባቸውን ሁሉ አስምረሽባቸው የለ? አንድ ሳምንት እንጨቃጨቅ ነበር። እማዬ ቴሌቪዥኑን በመስኮት እወረውረዋለሁ እስክትል።

ተራሽን ጠበቅኩ። እውነት ነው፣ ጠበቅኩሽ። ወደ ደብተሩ ዞሬ ተቀመጥኩ። ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ እየነዳ ይጮኻል። ቆመ። አልመለስሽልኝም።

ያኔ ነው የገባኝ መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ አይደለም፣ አዳራሹ ውስጥም አይደለም። ከበሮ አልገባም። አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ፣ እጅጌዬ ረጠበ። ብዙ አይደለም። ከእኔ በፊት ያለቀሰ ዘፈን አልነበረም።

ደብተርሽ ላይ ጻፍኩ። ክፍል 12። 43 ደቂቃ። ትንፋሽ። በማስመሪያ አሰመርኩበት።

ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። የቁርስ ዕቃ እንዳለ ነበር። እማዬ ዛሬ ሦስት ኩባያ ነው ያወጣችው፤ እስከ ትናንት አክስቴ ስለነበረች አራት ነበር፣ አላስተዋልኩትም። ሦስቱንም አጠብኩ። ሳህኖቹን፣ ማንኪያዎቹን፣ አባዬ የሚረሳውን ቢላዋም። ተሸንፌያለሁ ማለት አይደለም። ክርክሩ እንዳለ ነው።

ሃያ ዘጠኝ ቀን ይቀረኛል።