ስሜን ያልጻፍሁበት ወረቀት

ውድ እታለም ወይንእሸት፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አልሁና ተውሁት። እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። ስልክ ብደውልልሽ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ቀድደሽ ከመጣልሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከዳኝነት ዕጩነት ያስወጣሽን ያን ስም የለሽ ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ይኸው። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ ጋ ሞጣ እየኖርሁ ስማር የዚያን የነጋዴ ልጅ ጥርስ በወንበር እንደሰበርሁ አትረሽውም። በሞተችው እናታችን ቀልዶ ነው፤ ዛሬም ቢቀልድ ሌላ ጥርስ እጨምርለታለሁ። ክሱ አንቺ ሬጅስትራር ሆነሽ መዝገብና ቀጠሮ የምትይዢበት ፍርድ ቤት መጣ። ቀጠሮው ደግሞ የማጠቃለያ ፈተናዬ ቀን ላይ ዋለ። ምሳ እየበላን ለመንሁሽ።

«እታለም፣ ክሱን ተይው፤ ቀኑን ብቻ ቀይሪልኝ።»

«መዝገብሽን አልነካም። እህቴ ናት ብዬ ለዳኛው ነግሬ ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ።»

«አንድ ቁጥር እኮ ነው! ስምንትን ዘጠኝ ማድረግ!»

«ማመልከቻ ጽፈሽ እንደ ሰው ተሰልፈሽ ጠይቂ።»

እንደ ሰው! ይቺ ቃል አቃጠለችኝ። ሳህኑን ገፍቼ ወጣሁ፣ ማመልከቻም አልጻፍሁ። ፍርድ ቤቱ በማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ፣ ፈተናው ግን አለፈኝ። ክፍሉን ድገሚ ሲሉኝ ደብተሬን እዚያው ዴስክ ላይ ትቼ ቢቸና መጣሁ። አንዲት ማመልከቻ አልጽፍም ያልሁት ልጅ እዚህ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጋሽ አካለ ወልድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በቀን አስራ አምስት ማመልከቻ እተይባለሁ። እሳቸው ባለጉዳዩን እየሰሙ ያረቃሉ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ከራሴ እየጨመርሁ «ይህ ዓይን አውጣ ሌባ» ምናምን ስል ሳቁብኝ።

«ንዴትሽን ከወረቀቱ አውጪው። የተናደደ ማመልከቻ ዳኛ አያምነውም። ቀኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ነገሩን፤ በቃ።»

ተማርሁ። መጥፎ ተማሪ አልነበርሁም፣ ታውቂያለሽ።

ከዚያ በሩ ላይ ያ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የዕጩ ዳኞች ስም ዝርዝር፤ ሥነ ምግባራቸውን የምታውቁ አስተያየታችሁን ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ፣ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም ይላል። ተራ ቁጥር አራት አንቺ ነሽ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ደስ አለኝ። ለማን ልንገር ብዬ ዞር ስል ከሞጣ የመጣ አንድ ሰውዬ ከጓደኛው ጋር እያነበበ ነው።

«ይቺን አውቃታለሁ፣ ቀጥ ያለች ናት» አለ። «የገዛ እህቷ ከትምህርት ስትቀር እንኳ ንቅንቅ አላለች።»

የኔ መቅረት ላንቺ የምስክር ወረቀት ሆኖልሻል! ደሜ ፈላ። ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥሁ። ተሳድቤ ቢሆን ይጥሉት ነበር። አልተሳደብሁም። «ዕጩዋ የዘመድ መዝገብ ታስቀድማለች፤ የባዕድ መዝገብ ታቆያለች» አልሁና ሦስት የመዝገብ ቁጥር ደረደርሁ። ሁለቱን ፈጠርኋቸው። ሦስተኛው እውነት እንዲመስል በቃሌ የማውቀውን አንድ ቁጥር ጻፍሁ፣ የራሴን። ዕድሜዬን ሙሉ በንዴት ስናገር ማንም ሰምቶኝ አያውቅም፤ አንድ ቀን ንዴቴን ከወረቀቱ አውጥቼ ጻፍሁ፣ አመኑኝ።

ዘመድ ታስቀድማለች ብዬ የከሰስሁሽ ዘመድሽን ስላላስቀደምሽ ነው። ይህ ዛሬ ይታየኛል። ያኔ ግን ቀለለኝ። ሳጥን ሙሉ ወረቀት ባለበት የኔዋ ምን ታደርጋለች ብዬ ነበር። ዝርዝሩ ጸድቆ ሲመጣ ተራ ቁጥር አራት ሌላ ሰው ሆነ። ሞጣ ላይ ሰው ሲያገኝሽ ጉቦ የያዝሽ ይመስል ከፊትሽ በፊት ቦርሳሽን ያያል አሉኝ። ቀጥሎ ፈቃድ ጠይቀሽ ደጀን አክስታችን ጋ ገባሽ አሉኝ። ሕግ ተምረሽ፣ ያን ሁሉ ዓመት ደክመሽ።

ባለፈው ሳምንት ምክር ቤቱ የዳኞች አሿሿም ይሻሻል በሚለው ረቂቅ ላይ ሲከራከር ሱቃችን ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። አንዱ አባል «ስም የሌለው አስተያየት ይቅር፣ ማንም እየተነሳ የሰው ስም እያጠፋ ነው» አለ። ዕጩዎቹን ሲያጣሩ ከነበሩት አባላት አንዷ ተነሳች።

«ስማችሁን ጻፉ ካልን ደሀው ዝም ይላል! አንድ ወረቀት ልጥቀስ» አለችና አነበበች። የኔን። ቃል በቃል። «ማን እንደጻፈው አናውቅም፤ ግን ከአድሏዊ ዳኛ አድኖናል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እታለም፣ ተጨበጨበልኝ እኮ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ አካለ ወልድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቺ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ቤት ነው የወጣችው» አሉ። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ አልነቀልሁም። «እኔ አላረቀቅኋትም።» ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ?»

«አዎ» አልሁ።

«ጎበዝ አድርጌ አስተምሬሻለሁ» ብለው ወጡ፣ እስከ ከሰዓት አልተመለሱም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ልናገር ስል ደግሞ እትዬ ካሰች ትዝ አሉኝ። ባለቤታቸው ከሞተ ወዲህ በመሬታቸው የሚሟገቱ ደንበኛችን ናቸው። ለቀጣዩ ዙር ለዳኝነት የታጨ አንድ ሰው፣ መዝገባቸውን ይዞ ሳለ፣ ከባላጋራቸው ጋር ሆቴል ሲጋበዝ በዓይናቸው አይተዋል። ስም ጻፉ ከተባሉ አይጽፉም፤ ሰውየው ጎረቤታቸው ነው። እኔ ዋሽቻለሁ ካልሁ የዚያች አባል ክርክር ይፈርሳል፣ የእሳቸውም አፍ ይዘጋል። ዝም ካልሁ አንቺ እንደዚሁ ትቀሪያለሽ። ቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው።

«እና እኔን መከለያ ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ላንቱ አስቤ እኮ ነው—»

«አታስቢልኝ! እኔ እውነቴን ይዤ የምሸማቀቀው እንዳንቺ ያለችው ስላለች ነው። ሂጂና ተናገሪ!»

ሰኞ ጠዋት ሞጣ ፍርድ ቤት ሄድሁ። ከመዝገብ ቤት ደምለው ነው የተቀበለኝ፣ የሥራ ባልደረባሽ። የመጣሁበትን ነግሬው ቃሌን ሊጽፍ ወረቀት አወጣ።

«ለዕጩዋ ምኗ ነሽ?»

«እህቷ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አይ! እህት ለእህቷ መሰከረች ነው የሚባለው። ምንም አይጠቅማት።»

«ውሸቱን ስጽፍ ማን ነሽ ያለኝ የለም! አሁን ስሜን ይዤ ስመጣ ነው ዝምድና የሚቆጠረው?» ጩኸቴን ሰምቶ ዘበኛው በበሩ ብቅ አለ።

«ቀስ፣ ቀስ በይ፣ ጥርሴን ተይልኝ» አለ ደምለው። ለካ ታሪኬ አልጠፋውም።

ትንፋሼን ሰብሰብ አደረግሁ። «እኔን አትመነኝ» አልሁት። «ቁጥሮቹን ልንገርህ፣ መዝገቦቹን ፈልግ።»

ሁለቱ የሉም። ሦስተኛውን፣ የኔን፣ አቧራውን እያራገፈ አመጣው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፍሽ «ተከሳሿ እህቴ ስለሆነች ይህን መዝገብ አልይዝም» ይላል፣ ከነቀኑ፣ ከነፊርማሽ። ደምለው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህን እኮ ማንም አልገለጠውም» አለ።

ቀጥሎ ያለውን ገጽ የገለጥሁት እኔ ነኝ። ማመልከቻ ነው። አመልካች፦ ወይንእሸት ዘመነ፣ የተከሳሽ አሳዳጊ። ልጅቷ ፈተና ስላለባት ቀጠሮው እንዲቀየርላት። ሳህኑን ገፍቼ በወጣሁ ማግስት የተጻፈ፣ የወረፋ ቁጥር ሰላሳ አንድ። ዳኛው መስክ ወጥተው ስለነበር የታየው ፈተናው ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ሰላሳ አንድ! በሩን ከውስጥ የምትከፍቺ ሰው፣ ከባለጉዳዩ ጋር ውጭ ፀሐይ ላይ። ለምን አልነገርሽኝም? ቆይ፣ አትመልሺ። ብትነግሪኝም ያኔ አልሰማሽም ነበር። እዚያው ደምለው ፊት አለቀስሁ። እሱም ፊቱን አዙሮ የተስተካከለ መዝገብ እንደገና ያስተካክል ጀመር።

ቃሌን ጽፎ አስፈረመኝ። ቅጂውን ለዚያች የምክር ቤት አባል ልኬላታለሁ፤ ታች ላይ ከራሴ ጨመርሁበት፦ ስሙን መጻፍ የሚፈራውን በር አትዝጉበት፤ ግን ሰውን ከዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት መዝገቡን ግለጡ። ስሜን ባይጠይቁኝም ያችን አንዲት ገጽ ቢገልጡ ኖሮ ውሸቴ እዚያው ያልቅ ነበር። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። በረቂቁ ላይ ድምፅ የሚሰጡት ሐሙስ ነው።

እኔ ረቡዕ ዕጩዎቹን በሚያጣራው ጉባኤ ፊት ምዬ ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ሐሰት በመጻፍሽ ልትከሰሺ ትችያለሽ ብሎኛል ደምለው። ልከሰስ። ጠበቃ እንዳትፈልጊልኝ፣ እንዳትለምኚልኝም፤ ከተቀጣሁ የራሴን ነው የምቀጣው።

ይቅር በይኝ አሁን አልልሽም። መጀመሪያ ስምሽ ይመለስ። ከዚያ ደጀን እመጣለሁ፣ ብትከፍቺልኝም ባትከፍቺልኝም።

ታናሽሽ
አርሴማ ዘመነ
ቢቸና